እትዬ ረቢዓ ያልተቀመጡት ለቅሶ

አለልኝ ዋለ በመተማ ዮሐንስ የሚታወቀው በአፉ ነው። ወሬኛ ሆኖ አይደለም፤ የሰው አፍ ሆኖ ስለሚኖር ነው። የሱዳን ሹፌር ከኬላ ፖሊስ ጋር ሲጨቃጨቅ አለልኝ ይጠራል። የሰሊጥ ነጋዴ ከገዳሪፍ ደንበኛው ጋር ዋጋ ሲቆርጥ አለልኝ ይጠራል። ጤና ጣቢያ ዓረብኛ ብቻ የምትችል ሕመምተኛ ስትገባም እሱው ነው። ስድቡን ለስለስ፣ ልመናውን ጠንከር እያደረገ ከወዲህ ወዲያ ሲያመላልስ ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ ቃል አይወጣውም። ሚስቱ ውድነሽ እራቱን አቅርባ፣ «ዛሬም ለሰው ጨርሰኸው መጣህ?» ትለዋለች። ፈገግ ብሎ እጁን ይታጠባል።

ቋንቋዎቹንም ቢሆን ወዶ አልተማራቸውም። የገለጉ ገበሬ ልጅ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቱን ተከትሎ ሱዳን ገባ፤ እንግሊዝኛውን በስደተኞች ካምፕ ዱቄት ከሚያድሉት ፈረንጆች፣ ዓረብኛውን ከገዳሪፍ የማሽላ እርሻ ለቃቀመ። መንግሥት ሲለወጥ ተመልሶ ድንበሩ ላይ ጎጆ ቀለሰ። ማረስ ይሻለው ነበር። ግን አፉ እንጀራ ሆኖ ተገኘና በዚያው ቀረ።

ከሥራው ሁሉ የሚያደክመው የክረምቱ ነው። አንድ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የሙስሊሞችን ባህል በቦታው ተገኝቶ የማጥናት የክረምት ትምህርት አለው። ተማሪዎቹ ቀድሞ ካርቱም ይሄዱ ነበር አሉ፤ በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወሩ፤ ከጎንደር ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ወደ ቆላው ይወርዳሉ። መተማ በሐምሌ ምን እንደምትመስል የሚነግራቸው ሰው የጠፋ ይመስላል። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ዝናብ ጥሎም ሙቀቱ አይበርድም፤ ወባው አለ፤ ለሰሊጥ አረም የወረደው የቀን ሠራተኛ መንገዱን ይሞላዋል። ልጆቹ በዚያ መሐል ኮፍያቸውን ደፍተው «ባህል» ፍለጋ ይመጣሉ። ዓረብኛ በመጽሐፍ ተምረው ስለሚመጡ የመተማ ሙስሊም ቤቱ ውስጥ አማርኛ ሲያወራ ሲሰሙ ክው ይላሉ። ከዚያ በኋላ አለልኝን መጎተት ነው። ለምን በቀኝ እጅ? ለምን ጫማ ይወልቃል? ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ሥጋ ላይ ለምን ይለያያሉ? ጥያቄው በየዓመቱ አንድ ነው፤ የሚለወጡት ልጆቹ ናቸው።

የሚያርፉት እትዬ ረቢዓ ግቢ ነው። እትዬ ረቢዓ ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሁለት ቆርቆሮ ክፍል ያላቸው ሴት ናቸው። ሴቶች ልጆቻቸው ገንዳ ውሃና ጎንደር ተድረዋል። አንድ ወንድ ልጃቸው ሙዘሚል ሄዷል።

መተማ ላይ ልጅ «ሄደ» ከተባለ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። ደላላ ይዞት የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ፣ ካርቱም ደርሶ፣ በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ ገብቷል ማለት ነው። ሙዘሚልም እንደዚያ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ከባሕሩ ዳር ነበር፤ «እማ፣ ነገ ጀልባ እንይዛለን» አለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ። ወራት ቆይቶ ከዚያው የተመለሰ አንድ የሸሕዲ ልጅ ጀልባዋ መስጠሟን ተናገረ። ሽማግሌዎች መጡ፣ ሼኩ መጡ፣ ሴቶች ልጆቻቸው መጡ፤ ለቅሶ ይቀመጡ፣ በሌለበት ይሰገድለት አሏቸው። እትዬ ረቢዓ «ሬሳውን ያየ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ያየ አልነበረም። «እንግዲያው ተነሡ» አሏቸውና ለለቅሶው የተነጠፈውን ፍራሽ አጥፈው አስቀመጡት። ጎረቤቱም እናት እሺ ሳትል ለቅሶ አይገባም ብሎ ይኸው አምስት ዓመት ዝም አለ።

ፈረንጆቹን የሚያስተናግዱትም ለዚህ ነው። ልጃቸው ከገባበት ባሕር ወዲያ ማዶ የመጡ ናቸዋ። ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን ሲቆልፉ እትዬ ረቢዓ ሻሻቸውን አስተካክለው አለልኝን ይጠሩትና፣ «በላቸው» ይላሉ፤ «ልጄ ሙዘሚል ይባላል፣ አላህ ይጠብቀው። ቀጭን ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። እናንተ አገር ገብቶ ከሆነና ካያችሁት፣ እናትህ ለቅሶ አልተቀመጠችም በሉት።» አለልኝ ይህን በእንግሊዝኛ ይላል። ልጆቹ እሺ ይላሉ፤ የሚያለቅሱም አሉ። ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ውድነሽ እንኳ አትቀልድበትም። ዓመቱን ሙሉ ከሚተረጉመው ሁሉ የሚጠላው ይህን መልእክት ነው፤ ልጁ ሞቷል ብሎ ያምናልና። ድልድዩ ሥር ከሚዋኝበት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እያመነ «ካያችሁት» ማለት ይከብደዋል፤ የማይደርስ ነገር አደራ እያሰረ የሚልክ ይመስለዋል።

በሁለት ሺህ ሰባት ክረምት፣ ዒድ ካለፈ በኋላ፣ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ ኢንግሪድ ትባላለች። ዝምተኛ ናት። ሌሎቹ ሠርግና ምግብ ሲመርጡ ለሷ የደረሳት ጥናት ሐዘን ነው፤ ሙስሊሞች ለቅሶ እንዴት ይቀመጣሉ የሚል። አለልኝ ይህን ሲሰማ ወደ ሌላ ቤት ሊወስዳት ሞከረ። ሰዓዲያ የምትባል ሬሳ አጣቢ አለች፣ ከሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም አላት። ሰዓዲያ ግን የልጅ ልጅ ልትጠይቅ ጎንደር ወጥታለች። ኢንግሪድም የምታድረው እትዬ ረቢዓ ቤት ነው፤ እሳቸውም «እኔ እያለሁ ወዴት ነው የምትወስዳት?» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ረቢዓ ስለ ሌላ ሰው ቤት እንደሚናገሩ ዘና ብለው አስረዷት። ሬሳው ይታጠባል። ከፈን የሚባለውን ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። ይሰገድበትና ሳይውል ሳያድር ይቀበራል። ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል፤ የሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም፣ ጎረቤት ያበላል። አለልኝ እየተከተለ ተረጎመ። ሊያልቅ ነው ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ ኢንግሪድ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ሬሳው ካልተገኘስ?»

ልጅቱ ስለ ሙዘሚል የምታውቀው ነገር የለም። የስንብቱ ቀን ገና አልደረሰማ። አለልኝ ዞር ብሎ ጭቃውን አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስድብ አለስልሷል፣ ውሸት ግን አስገብቶ አያውቅም ነበር። «ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ ነው የምትለው» አለ።

እትዬ ረቢዓ ፊቱን አዩት።

«እንደሱ አላለችም።»

«ኧረ ነው ያለችው፣ እትዬ።»

«አለልኝ፣ ስንት ክረምት አብረን ተቀምጠናል? አንተ የሰው ቃል ስታቀብል ዓይንህ ሰው ላይ ነው። አሁን ጭቃ ታያለህ። ያለችውን በለኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይከራከር ነበር። ያን ቀን ግን ደክሞት ነበር፤ ከቀኑ ድካም አይደለም፣ የሃያ ዓመቱ ነው መሰል። «ሬሳው ካልተገኘስ ነው ያለችው» አለ።

እትዬ ረቢዓ ሻሻቸውን ፈትተው መልሰው አሰሩት። ኢንግሪድ አንድ የተበላሸ ነገር መኖሩ ገብቷት ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት እትዬ ረቢዓ በእጃቸው ከለከሏት።

«ሬሳ ካልተገኘ በሌለበት ይሰገድለታል፤ በላት።»

አላት።

«ግን ሰው እናቲቱን ይጠብቃል። እሷ ሞተ እስክትል ድረስ ማንም አይደፍርም። እሷ ደግሞ ካለች እኔ ገደልሁት ማለት ይመስላታል። በላት።»

አላት።

ኢንግሪድ ቀስ ብላ፣ እንዲህ የሆነች እናት ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። አለልኝ አሁን ሳይሸሽ፣ እንዳለች አድርጎ አቀበላቸው። እትዬ ረቢዓ ወደ ግቢው በር አዩ። በሩ እንደወትሮው ገርበብ ብሏል።

«አምስት ዓመት እንቅልፍ የለኝም» አሉት ለሱ፣ ለልጅቱ ሳይሆን። «ውሻ ሲጮህ እነሣለሁ። መኪና ሲቆም እነሣለሁ። ደከመኝ፣ አለልኝ። ጠልቼው አይደለም፤ ደከመኝ። ልጄም ደክሞት ይሆናል፣ እኔ አላስተኛ ብዬው።»

አለልኝ ይህን አልተረጎመም። እሳቸውም አላዘዙት።

ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡና ኢንግሪድን እያዩ፣ «ልጄ ሙዘሚል አኼራ ሄደ በላት፣ አላህ ይርሐመው» አሉ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ያን ስም ጠርተው «ይጠብቀው» በማለት ፋንታ ለሞተ ሰው የሚባለውን ያሉት ያን ጊዜ ነው። አለልኝ በእንግሊዝኛ ተናገረው። ኢንግሪድ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያም ሰው ሁሉ ሞት ሲነገረው የሚጠይቀውን ጠየቀች፤ መቼ ነው የሞተው?

«ዛሬ» አሉ እትዬ ረቢዓ።

ኢንግሪድ አለልኝ የተሳሳተ መሰላትና አየችው። ከዓመታት በፊት በዛሬው ቀን ማለታቸው ነው ወይ አለችው። «አይደለም» አላት፤ «ዛሬ ነው ያሉት።»

እትዬ ረቢዓ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። አጥፈው ያስቀመጡትን ፍራሽ መሬት ላይ ሲዘረጉት ድምፁ ተሰማ። «ሰው ጥራልኝ፣ ወንድሜ» አሉት ከውስጥ። «ሼኩንም ላክበት። ለልጆቼም ስልክ ደውል።»

አለልኝ ወጣ። ጎረቤታቸው ሰይዳ ከግቢው በር አጠገብ ላስቲክ ወጥራ ሻይ ትሸጣለች። ሙዘሚልን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ «ጋሼ አለልኝ፣ ሻሂ ልቅዳ?» አለችው።

«ሙዘሚል ሄደ» አላት።

«አዬ፣ እሱማ ከሄደ ስንት ጊዜው» አለች፣ ቀና ሳትል።

አለልኝ ቆመ። የሰው ሁሉ ቃል አፉ ላይ ሲያድር ኖሮ ይህን አንዱን ቃል ግን የሚያቀብለው ሰው አጣ። ማታ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚይዘው ዝምታ እዚያው መንገድ ላይ ያዘው።

«ሞተ፣ ሰይዳ» አለ። «እናቱ ሞተ ብለዋል።»

ሰይዳ ብርጭቆውን ውኃው ውስጥ ለቀቀችው። «ኢና ሊላሂ» አለች በቀስታ፣ ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ ግቢው ገባች። ጩኸቷን የሰሙ ከግራም ከቀኝም ወጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ያውቁት ነበር፤ ፈቃድ ነው የጠበቁት።

አለልኝ ሲመለስ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። እትዬ ረቢዓ ሰይዳ ደረት ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ፤ አምስት ዓመት ያልወጣ ለቅሶ ስለሆነ ሰውነታቸውን ሁሉ ያናውጠዋል። ኢንግሪድ ጫማዋን አውልቃ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በሴቶቹ መሐል አሻግራ አለልኝን በሩ ላይ ስታየው ሴቶቹ ምን እንደሚሉ በዓይኗ ጠየቀችው።

«ስሙን ነው የሚጠሩት» አላትና ከወንዶቹ ጋር ሊቀመጥ ወጣ።