አባዬ የሚያራግፈው ፀጉር

አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ያላት ጠባብ ቤት አለችው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል፤ ኪኒኑን አያቋርጥም፣ ሻዩንም መራራውን ይጠጣል። «ዓይንህንም ተመርመር» ስለው ግን ይስቅብኛል።

«የኔ ዓይን ቢታመም ደንበኛ ዝም ይለኛል? ጆሮውን ይዞ ይጮህ ነበር እኮ!»

እውነትም የነገረን ደንበኛ ነው።

አንድ ቀን ልጄን አዝዬ የአባዬን ምሳ ላደርስ ስገባ ጎረቤታችን ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ነበር። ተስተካክሎ ጨርሷል። አባዬ ግን አንገቱን በብሩሽ ይጠርጋል፣ እፍ ይላል፣ ደግሞ ይጠርጋል።

«ጋሼ፣ አንገቴን ሊልጡት ነው እንዴ?»

«ዝም በል! አንዲት ፀጉር አልለቅ ብላኝ ነው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። አንገቱ ጥርት ብሏል።

«አባዬ፣ ምንም የለም።»

«አንቺ ደግሞ! ይችውልሽ!»

ነጭ ፎጣ ፊቱ ዘረጋሁለት። ፀጉሯ እዚያም ታየችው። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ አብራው ዞረች። ያኔ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ምላጭ ካልያዝኩ እኔ ምንድን ነኝ፣ ልጄ?»

«እንደያዝክ እንድትኖር ነው ሐኪም ጋ የምንሄደው። ተነስ።»

ሹፌሩ ጨርቁን ከአንገቱ ሳይፈታ ቁልፉን አወጣ። «መኪናዋ በር ላይ ናት።»

የዓይን ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ ብዙ አየችው። «ስኳሩ ከዓይንዎ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ስሮች ጎድቷቸዋል። አንዱ ደም አፍስሷል፤ ፀጉር የመሰለዎት እሱ ነው። አያምም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው። ደህና እያዩም በየዓመቱ መታየት ነበረብዎ።»

«አሁንስ?»

«የተጎዳውን ሁሉ እመልሳለሁ አልልም። የቀረውን ግን በሌዘር እንይዘዋለን። እርስዎም ስኳርዎንና ግፊትዎን ይያዙልኝ።»

በሌዘር ታክሞ ሐኪሟ እስክትፈቅድለት ድረስ ምላጩ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። እኔም ቀጠሮውን እንዳይረሳ መስታወቱ ጥግ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩለት።

የተፈቀደለት ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛ ሹፌሩ ሆነ።

«አትፈራም?» አለው አባዬ፣ ምላጩን ይዞ።

«እርስዎ መሪ ቢይዙ ነበር የምፈራው።»

አባዬ ቀስ ብሎ ላጨው፤ አንድም ቦታ አልጫረውም። ከዚያ አንገቱን አንዴ ጠረገና ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ።

«አለች እንዴ?» አልኩት።

«በጣም ቀጥናለች እንጂ አለች» አለና ብሩሹን ሰቀለው። «ግን የኔ ናት፤ የሱ አንገት ምን አደረገኝ!»