በርበሬ የሚሸቱ ጭራቆች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ካርቶን ታቅፎ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው የአሮጌ ዕቃ ሱቄ ገባ። ክዳኑን ሲከፍተው አቧራ ይሸተኛል ስል በርበሬ ሸተተኝ። ካሜራ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሞተ ሰው ኮት ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዕቃ አይቼ ፊቴ አይለወጥም። ያን ዕለት ግን የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ አጎነበስኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ከዚሁ ብዙም በማይርቅ አፓርትመንት እንኖር ነበር። እሷ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ እኔ ትምህርት ቤት ዝም እላለሁ። እንግሊዝኛዬ ከ«የስ» ስለማያልፍ ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነበር። አንድ ቀን እናቴን ተከትዬ ልብስ ወደሚታጠብበት ቤዝመንት ወረድኩ። ተከራዮች የጠገቡትን ንባብ የሚተዉበት ጠረጴዛ ላይ አንድ የድሮ የአስፈሪ ፊልሞች መጽሔት አገኘሁ፤ ሽፋኑ ላይ ጥርሱ ከአፉ የተረፈ ጭራቅ አፍጥጧል። ሰኞ ምሳ ላይ ስገልጠው፣ ስሜን እንኳ የማያውቁ ልጆች ትሪያቸውን ይዘው መጥተው ከበቡኝ።

ነጋዴ የሆንኩት ያኔ ነው። ልጆቹም የየራሳቸውን መጽሔት ማምጣት ጀመሩ፤ ደም መጣጩ ያለበትን ሰጥቼ በሻሽ የተጠቀለለው ሬሳ ያለበትን እቀበላለሁ፤ ሁለት የተቀደዱ ሰጥቼ አንድ ደህና እወስዳለሁ። ከመወለዳችን በፊት የታተሙትን፣ ጠርዛቸው ሻይ የፈሰሰበት የሚመስለውን፣ ለማንም አልሰጥም ነበር። እያረጀ የሚወደድ ነገር እንዳለ ያስተማረኝ እነሱ ናቸው። እንግሊዝኛም ከእነሱ ለቀምኩ፤ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ሳልችል «መቃብሩ ባዶ ነው» ማለት እችል ነበር። ከአገር ቤት በርበሬ የመጣበት ካርቶን ውስጥ አጭቄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ስገልጣቸው ያስነጥሰኛል። እናቴ «ሰይጣኖችህ» ነበር የምትላቸው፤ ቤት ስትጠርግ በመጥረጊያው ጫፍ ትገፋቸዋለች እንጂ በእጇ አትነካቸውም።

አንድ እሁድ ጋሽ ተፈራ ሚስታቸውንና ትንሹን ልጃቸውን ዮናስን ይዘው ከወንዙ ማዶ ካለችው አሌክሳንድሪያ መጡ። ለእናቴ የሆቴሉን ሥራ ያስገኙላት እሳቸው ስለነበሩ፣ እሳቸው ሲመጡ ቤቱ ብቻ ሳይሆን እኔም ጭምር እታጠብ ነበር። ትልልቆቹ ሲጫወቱ ዮናስ አልጋዬ ሥር ገብቶ ካርቶኑን ጎትቶ አወጣው። መሄጃቸው ሲደርስ ካርቶኑን አቅፎ አልለቅም ብሎ አለቀሰ። ጋሽ ተፈራ «ተው አንተ፣ የሰው ነው» አሉት።

«ይውሰደው ጋሼ» አለች እናቴ። «የኔ ልጅ እንደሆነ ለጋስ ነው። አይደለም እንዴ?»

አጠገቧ ነበርኩ። በነጠላዋ ሥር እጇን ሰድዳ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አዎ አልኩ። ጋሽ ተፈራ ራሴን ዳበሱና «ይባርክህ» አሉኝ። እኛ ቤት ሰይጣን የነበሩት ሁሉ በሩን ሲወጡ ስጦታ ሆኑ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳለቅስ እናቴ ሰጥቶ የደኸየ የለም አለችኝ። ይህን ተረት የተረተው ሰው ሱቅ ኖሮት አያውቅም። ልጆቹ ሰኞ ምሳ ላይ መጥተው ምን ይዘህ መጣህ አሉኝ፤ ማክሰኞም ጠየቁኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ ጠረጴዛው እንደ ድሮው የኔ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ካርቶኑን ይዞ የመጣው ያ ዮናስ ነው። ግንባሩ ቁርጥ አባቱን ነው። እኔን አላወቀኝም። እዚያው አሌክሳንድሪያ ቤት ሙቭ እያደረጉ ዕቃ እየቀነሱ መሆኑን፣ ሚስቱም ወይ እኔ ወይ ይሄ ካርቶን እንዳለችው ነገረኝ። ያለኝን ዋጋ ከፍዬ ላስቀረው በልቤ ወሰንኩ። ነጋዴ ግን የፈለገውን ዕቃ ያራክሳል፤ አመል ሆኖብኝ «ይሄማ ያረጀ ወረቀት ነው፣ ማን ይገዛዋል?» አልኩት።

«ልክ ነህ፣ ለሌላ ሰው ወረቀት ነው» አለኝ። አንዱን አንስቶ በመዳፉ ጠረገው። «አባዬ ነው የገዛልኝ። ሁለት ሥራ ነበረው፣ ቤት አናየውም። እሁድ እሁድ ግን ምንጣፉ ላይ ይቀመጥና እያንዳንዱን ጭራቅ በአማርኛ ያናግርልኝ ነበር። ካረፈ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።» ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «ለምን በርበሬ እንደሚሸት ግን አላውቅም።»

እኔ አውቃለሁ። አባትህ አንድም አልገዛም፣ የኔን ራስ ነው የዳበሰው የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዮናስ ግን ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ አይፈረድበትም። ጋሽ ተፈራም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ጭራቅ ሲያጓሩ ታዩኝ። የኔ አባት ደግሞ ምንጣፋችን ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ አሜሪካም አልደረሰ።

«ምን ትመክረኛለህ ወንድሜ፣ ልሽጠው?» አለኝ።

«ውሰደው» አልኩት። «የአባት ነገር አይሸጥም።»

«ይባርክህ» አለኝ፣ ልክ እንደ አባቱ። እጁ ስለሞላ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ዛሬ መደርደሪያዬ በሰው ልጅነት ሞልቷል፤ የሰው አሻንጉሊት፣ የሰው ብስክሌት፣ ሌሎች ያደጉባቸው ዕቃዎች። የኔው ብቻ እንደገና ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ገባ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ብትኖር ልጄ ለጋስ ነው ትል ነበር። አይደለሁም፤ ያኔም አልነበርኩም። ያኔ ግን የሚቆነጥጠኝ ሰው ነበረኝ።