የአሥራ አንድ ሰዓት ጥበቃ

ሶዶ ውስጥ ከአከራዮቼ ጋር አንድ ግቢ መኖር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ነገር ሰላም ነሳኝ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከዋናው ቤት "ዛሬ ጥበቃ የማን ነው?" የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ቀን እናትየዋ፣ ሌላ ቀን ልጅቷ "የእኔ!" ትልና ሹራቧን ደርባ፣ በፌስታል የተቋጠረ ነገር አንጠልጥላ ትወጣለች። ምንድን ነው የሚጠበቀው? ግቢው ውስጥ ከአንዲት ላምና ከእኔ አሮጌ ቴሌቪዥን በቀር ሌባ የሚያስጎመጅ ነገር የለም። ደግሞስ ጠባቂ ግቢውን ጥሎ ይወጣል እንዴ?

ሶፍያ እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ እዚህ የመጣሁት በመሬት አስተዳደር ቢሮ ተመድቤ ነው። የሰው ጉዳይ ማወቅ እወዳለሁ። ወሬኛ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" እያሉ ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው የሚጠየቁት።

አንድ ቀን ልጅቷን፣ ሰብለን፣ ተከተልኳት። ሩቅ ሳንሄድ ዞር አለችና ሳቀች።

"ሶፊ፣ አንቺም ልትጠብቂ ነው?"

ወደ አረካ መውጫ አካባቢ ካለው የአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ገባን። ጋሽ ሻንቆ በርና አልጋ ይሠራል። ሰብለ ፌስታሉን ፈትታ የተቀቀለ ቦይና አወጣች፤ እኛ አገር ጎደሬ የምንለው ነው። ከጎኑ አረንጓዴ ዳታ፣ የቃሪያ ድቁስ፣ ነበር። በጣቴ ጫፍ ብቀምሰው ያ ቃሪያ እንባዬን አወረደው። ጋሽ ሻንቆ ሳንቃው ላይ ተቀምጦ ረጋ ብሎ በላ። ከዚያ በሩን ቆለፈና ተነሳን። ቤታችን በሜዳው መንገድ ቅርብ ሆኖ ሳለ እነሱ ዳገቱን ያዙ።

"በዚያኛው ምን አለ?" አልኩ እያለከለክኩ።

"አረቄ ቤቷ አለ" አለ ጋሽ ሻንቆ፣ የዝናብ ነገር እንደሚያወራ ሰው። አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም እንደመጣለት ነው የሚያደርገው።

የቀረውን የነገረችኝ ሚስቱ እትዬ ፈጠነች ናት። ለብዙ ዘመን አረቄ ወዳጁ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ጸልዮለታል፣ ሽማግሌ ተቀምጦበታል። ጥቂት ቀን ደህና ይሰነብትና አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ መጋዙን ሲያስቀምጥ፣ እግሩ ወደዚያው ይሄዳል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። በመጨረሻ እሷ ዲምቱ ከተማ ያሉ ወንድሞቿ ዘንድ ሄደች፤ እሱም ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ። ሲወጣ ትግሉ የሚባል የጎጃም ልጅ፣ ነርስ ነው፣ ክኒን ሰጠውና "ዋናው ነገር ሰዓትዎን ይጠብቁ" አለው።

ጋሽ ሻንቆ ቃሉን ይዞ ቤቱ ገባ። መጠበቅ ማለት ዘበኛ የሚሠራው ሥራ ነው። የእሱ ሰዓት ደግሞ አሥራ አንድ ናት። እትዬ ፈጠነችን ከዲምቱ አስጠራና "ሐኪሙ ሰዓቴን እንድንጠብቅ አዟል፤ ብቻዬን አልችልም፤ ተረኛ ያስፈልጋል" አላት። እሷም ተመለሰች፤ ግን አንድ ነገር ተናግራ ነው። "አንዲት መለኪያ ከቀመስክ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌ አትላክ።" እትዬ ፈጠነች ነገር የምትደግም ሴት አይደለችም።

እያደር የጥበቃውን ሕግ ለቀምኩት። የራበው ሰው መጠጥ ያምረዋልና ከሰዓቷ በፊት ይበላል። መንገዱ ዳገቱ ነው፤ ላብ ሲወጣ ንዴትም ይወጣል ይላሉ። ቤት ሲደርስ እጁ ሥራ አይፈታም፤ የላሟን ሣር ያጭዳል። እራት በጊዜ ነው፣ መኝታም በጊዜ። ጎረቤት "የእነ ሻንቆ ቤት ከዶሮ ጋር ይሰፍራል" እያለ ያሾፍባቸዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኸኛው ነው፤ አፉን ማሽተት ክልክል ነው። ዱሮ እትዬ ፈጠነች ሰላም የምትለው ለማሽተት ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። አሁን ፊት ለፊት "ሰዓቷ ዛሬ እንዴት ነበረች?" ትለዋለች። እሱም "ከፋች" ወይም "ቀለለ" ይላል። እሷ ራሷ መስኮት ላይ ቆማ ማምሸት ትታ መዘምራን ገባች፤ ሰብለም ማታ ጸጥታ አግኝታ ማጥናት ጀመረች። አንድ ሰው ሲጠበቅ ቤቱ በሙሉ ጤና ያገኛል እንዴ? እኔ እንጃ፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

በኋላ ትግሉ ራሱ ለጉዳይ ቢሮዬ መጣ። አላስችል አለኝና ጠየቅኩት። አፉን ከፈተ።

"እኔ እኮ ክኒኑን በሰዓቱ ይዋጡ ማለቴ ነው!"

ይህን ይዤ እንዴት ልደር? የዚያኑ ዕለት ለጋሽ ሻንቆ ነገርኩት። ሣሩን እያጨደ ሳቀብኝ።

"በሁለተኛው ቀጠሮ ነግሮኛል። ክኒኑን ውጬ ጨረስኩ። ግን ሶፍያ፣ ሰዓቷ እኮ መንገድ ላይ ተቀምጣ እኔን ይጠብቃል። እኔስ እሷን ባልጠብቅ?"

በአፌ መፍቻ ቋንቋ አድፍጦ የሚጠብቀውና ቆሞ የሚጠብቀው አንድ ቃል መሆናቸውን ያን ቀን ልብ አልኩ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የእትዬ ፈጠነች እናት ጠበላ ከተማ ታመሙ። ሰብለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታለች። እትዬ ፈጠነች ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል እጄን ያዘችኝ።

"አንቺ አትጠጪም፣ ጠረኑም አያውቅሽም። አደራ፣ ሶፍያ።"

"አብሽሪ" አልኳት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ጠበቅኩ። አንድ ቀን ግን ኃላፊያችን ስብሰባ ጠራና አንድ ነገር አሥር ጊዜ ሲያመላልስ ሰዓቷ መጣች። ስወጣ ሰማዩ ተቀደደ፤ ባጃጅ የለም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ የእንጨት ሥራ ቤቱ የላሜራ በር ዝግ ነው። መብራት ጠፍቷል። ባንኳኳ ባንኳኳ የቆርቆሮው ዝናብ ድምፄን ዋጠው። እትዬ ፈጠነች ስትሄድ፣ ቤቱ ሲፈርስ ታየኝ፤ አፍራሿም እኔ ነኝ።

በሜዳው መንገድ ወርጄ አረቄ ቤት ገባሁ። ሂጃቤ ውሃ እያንጠባጠበ መሃል ወለል ላይ ቆምኩ።

"ጋሽ ሻንቆ የታለ?"

"ሻንቆማ ድሮ ከድቶናል" አለ ዳልጮ የሚሉት የዱሮ ጓደኛው። "አንቺ ነይ ጠጪለት!"

ሰዉ ሳቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጓዳውን ገልጬ አየሁ። ያሳቃቸው ነገር እንዲያንቃቸው ረግሜ ወጣሁ። እዚያ አለመኖሩ ይብሱን አስፈራኝ፤ የከተማው አረቄ ቤት ይህ ብቻ ነው?

ዝናቡ ሲያባራ ተመልሼ መጣሁ። ከበሩ ሥር፣ ጭቃው ላይ አንድ ቁልፍ ወድቋል። አንስቼ ከፈትኩ። ጋሽ ሻንቆ ጨለማ ውስጥ ሳንቃ ይልጋል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

"ሶፍያ ነሽ? እግሬ ተነሥታ ነበር" አለኝ። "ከውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን በሩ ሥር ወደ ውጭ ገፋኋት። ከዚያ እግሬ የት ይደርሳል?"

አለቀስኩ። ወላሂ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። "አፉ በለኝ ጋሼ" አልኩት። እሱ መላጊያውን አስቀመጠና እኔን ማባበል ጀመረ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ጠፋኝ።

ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ፈጠነች ናት።

"እናቴ ተሽሏታል። ዛሬ ማን ጠበቀው?"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሻንቆ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"ታኒ" አላት። በወላይትኛ "እኔ" ማለት ነው።

ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ፤ እትዬ ፈጠነች ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።