ዝም ያሉት አይጦች

አባትሽ በአይስ የተያዘ ጊዜ እኔ ሱዳን ውስጥ፣ ሶባ፣ የምርምር አይጦች የሚኖሩበትን ቤት አጸዳ ነበር። አዎ የልጅ ልጄ፣ አባትሽም ቢሆን ጻፊው። ጦርነቱ ገና አልመጣም ነበር። አይስ ማለት እንደ ስኳር የነጣ መርዝ ነው፤ የሚያጨሰው ሰው አይተኛም፣ አይበላም። አባትሽ የቤቱን ዕቃ እያወጣ ሸጠው። እኔም ጉልበቴ አልቆ ሀፍላው፣ ሚኒባሱ፣ ውስጥ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በአይጦቹ የምትመራመር አንዲት ሱዳናዊት ዶክቶራ ነበረች። ከአይስ ዘር የሆነ ነገር ትወጋቸዋለች። የአንደኛው ሣጥን አይጦች ሲወጉ ያብዳሉ፣ ይሽከረከራሉ፤ የሌላኛው ግን ብዙም አይነቃነቁም። እኔ ያደግሁት ጸበል አጠገብ ነው። እዚያ ጋኔን ያልለቀቀው ይጮኻል፣ የለቀቀው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እነዚህ የዳኑት ናቸው ብዬ አባትሽን ጎትቼ ወሰድኩት።

«ዶክቶራ፣ ለነዚህ ዝም ላሉት ያጠጣሻቸውን ለልጄም ስጪልኝ።»

ሳቀች። የአባትሽን ፊት ስታይ ተወችው። «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ምንም አላጠጣኋቸውም። ሲወለዱም እንዲህ ናቸው።»

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጭንቅላታችን ውስጥ ዶፓሚን የሚሉት፣ ሰውን ደስ የሚያሰኝ ነገር በትንንሽ ከረጢት ተቀምጧል አለች። መቼ እንደሚፈስ የሚቆጣጠር ፕሮቲን አለ፣ እንደ በረኛ። መርዙ ሲገባ በሩ ይበረገዳል። ዝም ያሉት አይጦች ያ ፕሮቲን ሳይኖራቸው ነው የተወለዱት፤ መርዙ ቢገባም የሚፈሰው ጥቂት ነው።

«እንግዲያ ከልጄም አውጪለት።»

«አይወጣም ኻልቲ። ለሰው ይሁን አይሁንም ገና አላወቅንም።»

አባትሽ ሣጥኑን እያየ፣ «እማዬ፣ ስትወልጂኝ ይሄ በረኛ ይቅርብን ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ። ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው ሲቀልድ የሰማሁት! እኔም ሳቅሁ፤ ወላሂ፣ ማልቀሱም ደክሞኝ ነበር።

ዶክቶራዋ ወደሱ ዞረች። «ባሕሪ ከተማ ውስጥ ሱሰኛ የሚያክሙበት ቤት አለ። አልጋ እጠይቅልሃለሁ። ግን በራስህ እግር ነው የምትገባው።»

«ኢንሻአላህ» አላት። የሱን ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ።

ስንመለስ ሀፍላው ገበያው ጋ ቆመ። አባትሽ «መጣሁ» ብሎኝ ወረደ። ሾፌሩ «ያላ!» ብሎ ነዳው።

በማግስቱ ዶክቶራዋ ከበሩ ተቀበለችኝ። «አልጋው ተገኝቷል፤ ልጅሽስ?»

አባትሽ ያን ሌሊት ቤት አላደረም።

«ለሌላ አይስጡብኝ፣ ይመጣል» አልኳትና መጥረጊያዬን አነሳሁ።