በትእዛዝ የሚሳብ መድኃኒት

የካምፑ ክሊኒክ ነርስ መዝገቡን ለሦስተኛ ጊዜ ገለጠችው። ግራ የገባው ሰው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማየት ይወዳል። አዲሱ የአስም መመሪያ ከመጣ አምስት ሳምንት ሆነው። ሲታፈኑ ብቻ ማስታገሻ መንፋት ቀርቶ፣ ሕመሙ ሳይነሳ የሚከላከለውን መድኃኒት ጧትና ማታ መሳብ ነው። ስድስቱም ታማሚ ወታደሮች አንድ ቀን አላለፋቸውም፤ ፊርማው ይኸው። ታዲያ ሾፌሩ ትናንት ለምን ታፍኖ መጣ?

ሾፌሩን ጓደኞቹ «ፉጨት» ይሉታል፤ ደረቱ ከእሱ ቀድሞ ሰላምታ ስለሚሰጥ። የሁለት ልጆች አባት ነው። በወሩ መጨረሻ የሕክምና ቦርድ ፊት ይቀርባል፤ መድኃኒቱ ካልያዘለት ይሰናበታል።

«እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ውሃ ነው እንዴ የምትሰጡን?»

«አንተ ትሆናለህ በደንብ የማትወስደው።»

«እኔ? ሻምበል ባሻው ቆሞ እያየኝ!»

መድኃኒቱን አየች፤ ጊዜው አላለፈም። ነፋችው፤ ይረጫል። ሾፌሩ ሲጋራ አያጨስም፤ አቧራ ያለበት መንገድ ላይ ከወጣም ወር አልፎታል። ምን ቀረ? በማግስቱ ጧት ጋውኗን እንደለበሰች ወደ ሰልፉ ሜዳ ወረደች። አሳሳቡን ያሳየቻቸው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሰልፉን ለሚመራው ለሻምበል ባሻው ትታ ነበር።

ስድስቱ በአንድ መስመር ቆመዋል።

«አዘጋጅ! አፍ ላይ! ሳብ! አስወጣ! ፈርም!»

ስድስት ደረት እንደ በር ብርግድ ብሎ ድርግም አለ። ከስድስት አፍ ነጭ ጉም ወጣ። መድኃኒቱ ሜዳውን እያከመ ነበር።

ነርሷ ትሳቅ ታልቅስ ቸገራት።

«ሻምበል ባሻ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድም ቀን አላስዘለሏቸውም። ግን መመሪያው በዝግታ ይሳብ ይላል። ከዚያ ትንፋሽ ይዞ እስከ አስር መቁጠር።»

«በዝግታ?» ዕድሜ ልኩን «ፍጠን!» ሲል የኖረ ሰው ነው። «ወታደር በዝግታ?»

«ሰልፉ ይፍጠን፤ ሳንባ ግን ማዕረግ አያውቅም።»

ሻምበል ባሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳብ... ያዝ... አንድ... ሁለት...» ሕፃን የሚያስተኛ መሰለ። አንዱ ፈገግ ሊል ሲል ዓይኑን አፈጠጠበት። ከአስር በኋላ ጉም አልወጣም።

ክሊኒክ ተመልሳ ብዕር አነሳች። ፊርማው ውሸት አይደለም፤ መድኃኒቱም አልተወሰደም። ይህን ለቦርዱ እንዴት ይጽፉታል?

«ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ጻፊው» አላት ተከትሏት የመጣው ሻምበል ባሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሁለታችን ነው። አሳይቼ ተመልሼ አላየሁም።» አምስቱ ሳምንት በሾፌሩ ላይ እንዳይቆጠርበት፣ ቀጠሮውም እንዲራዘምለት ጻፈች። ሁለቱም ፈረሙበት። ቦርዱ ይቀበል አይቀበል ማን ያውቃል?

ፉጨት በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እህቴ፣ እንግዲህ መድኃኒቱ እምቢ አለኝ ወይስ ያዘልኝ?»

«እኔንጃ ወንድሜ» አለችው ከልቧ። «ዛሬ ገና ጀመርክ።»