አያ ያልነገሩኝ መቃብር

እናቴ ታላቅ ወንድሟን «አያ» ትላቸው ነበርና እኛም ልጆቿ አያ እያልን አደግን። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ ከመኪና መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ገብስና ባቄላ እያረሱ፣ ከብት እያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ አሁንም እዚያው አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር እውላለሁ። በልጅነቴ ግን ትምህርት ሲዘጋ እርሳቸው ዘንድ ነበር የምከርመው።

አገሬው ሁሉ የሚያውቀው አንድ የአያ ታሪክ አለ። እንግሊዝ ጣልያንን ከጎንደር ለማስወጣት ሲዋጋ፣ በሌሊት ቦምብ ሊጥል የመጣ አውሮፕላን በጉም መንገድ ስቶ ከቤታቸው በላይ ካለው ተራራ ተላትሞ ወደቀ። አያ ሲያወሩት ከአብራሪው ጎን ተቀምጠው የነበሩ ይመስላል። የሞተሩን ድምፅ በጉሮሯቸው ያሰማሉ፤ ተራራው እንዴት ቦግ እንዳለ በሁለት እጃቸው ያሳያሉ። ባለቤታቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ እስኪጨርሱ ዝም ብለው ያዳምጡና «ያን ጊዜ እኮ አንቀልባ ላይ ነበሩ» ይላሉ።

አያ ንቅንቅ አይሉም። «አንቀልባ ላይ ያለ ሰው ዓይን የለውም?» ነው መልሳቸው።

ዋናው ነገር ግን እውነት ነው። ሲነጋ የአያ አባት ከወንድሞቻቸው ጋር ወጥተው የሦስት ፈረንጆች ሬሳ አገኙ፤ ጣልያን ሳይደርስባቸውም አውርደው ቀበሯቸው። ቦታውን አያ ለእኛ ለልጆቹ አሳይተውናል። ከቤቱ ማዶ፣ ጅባራ የበቀለበት ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ክምር ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለዚያ ክምር ድርሰት ጽፌ ክፍል ፊት ቆሜ አነበብኩ። ሳነብ ራሴው አለቀስኩ፤ መምህሩም ጨበጡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ለሦስት ሳምንት ሊያስተምር ወደ ሆስፒታላችን መጣ። ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ወንበር ሲስብ እንኳ ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጎንደርን ለምን እንደመረጠ ጠየቅሁት። የእናቱ ታላቅ ወንድም በጦርነቱ ጊዜ አብራሪ እንደነበረ፣ አንድ ሌሊት ጎንደርን ሊደበድቡ ከወጡት አውሮፕላኖች የእርሱ እንዳልተመለሰ፣ ለቤተሰቡም ከጎንደር በስተሰሜን ከመጥፋቱ በቀር ምንም እንዳልተነገረ አጫወተኝ። እናቱ አሁን ዘጠና አልፏታል።

«አውሮፕላኑ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?» አልኩት።

«ሦስት።»

የጠቀለልኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። መቃብራቸውን እንደማውቀው ነገርኩት። ድርሰቴንም አልተውኩለትም፤ ከነማልቀሴ አወራሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ሄድን። አያ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ የልጅ ልጃቸው ከከተማ ያመጣላቸውን መነፅር ሰክተው ደጃፍ ላይ ጠበቁን። መነፅሩ የማንበቢያ ነው፤ አያ ደግሞ ማንበብ አይችሉም፤ ለክብር ነው የሚያደርጉት። ምሳ በላን፣ ጠላ ቀረበ፣ ታሪኩም ተጀመረ። እኔ አስተረጉማለሁ። የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሳልተረጉመው አለፍኩ።

መሀል ላይ እንግዳው ከቦርሳው አንድ ፎቶ አውጥቶ ለአያ ሰጣቸው። ቆብ ያደረገ፣ ጆሮው ጎላ ያለ፣ ሳቁን በግድ የያዘ ወጣት ነው። አያ በመነፅር አዩት፤ መነፅሩን አውልቀው ደግሞ አዩት። ከዚያ በኋላ ታሪኩን አልቀጠሉም።

«ልጅ ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው። ዱላቸውን አነሱና «በሉ እንነሳ፣ ወደ ኮረብታው» አሉ።

በሩ ጋ ስንደርስ እትዬ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ተናገሩ፦ «ምነው፣ ለእኒህም ሰው ባዶውን ሊያሳዩዋቸው ነው?»

አያ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። እንግዳው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ «ትንሽ ጠብቀኝ» አልኩት፤ እኔም ገና አልገባኝምና።

አያ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ያለ ሞተር ድምፅና ያለ እጅ ምልክት፣ ዝቅ ብለው ሌላውን ታሪክ ነገሩን። አባታቸው ጣልያን ሬሳ ፍለጋ እንደሚመጣ አውቀው ነበር። አዲስ የተቆፈረ አፈር ያጋልጣል። ስለዚህ ሦስቱን በረት ውስጥ ቀብረው ከብቱን መልሰው አስገቡበት፤ እስከ ቀትር ድረስ ከብቱ ረግጦ ረግጦ ምንም የማይለይ አደረገው። ኮረብታው ላይ ደግሞ ለማሳሳቻ ድንጋይ ከመሩ። ጣልያን መጣ፣ ክምሩን አፈረሰ፣ ምንም አጣ፣ ተናዶ ሁለት በግ ነድቶ ሄደ። አባታቸው ክምሩን መልሰው አቆሙት።

«የአባቴ አደራ ነበር» አሉ አያ።

«ጣልያን ከሄደ እኮ ስንት ዘመኑ፣ አያ» አልኳቸው። «እኔን ድርሰት አስጽፈውኛል።»

ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። «አደራውስ ሰበብ ነው» አሉ። «አፍሬ ነው እንጂ። የዘመዱን አጽም ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው፣ ከከብት እግር ሥር ነው ያለ፣ እበት ላይ ነው ያለ ብዬ ልንገረው?»

ሁሉንም ተረጎምኩ፤ እበቱንም ሳልተው። ሐኪሙ «በረቱ አሁንም አለ?» ብሎ ጠየቀ። አለ። ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

በረቱ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ግማሹ በሣር የተከደነ። ከብቱ ግጦሽ ወጥቶ አንዲት አራስ ላም ብቻ ቀርታለች። እንግዳው ባርኔጣውን አውልቆ መግቢያው ላይ ቆመ። አያ በዱላቸው ጫፍ እያመለከቱ፣ የሟቾቹ ፊት ወደ ምሥራቅ መሆኑን፣ የእርሳቸው አባት በሸማ እንደገነዟቸው ነገሩት።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦ «አያቴ ላም አላቢ ነበር። አጎቴ በየማለዳው ሳይነጋ ተነስቶ ማለብ ነበረበት። እናቴ የምትለው፣ አየር ኃይል የገባው ከእንግሊዝ የሌሊት ብርድና ከላሞቹ ለማምለጥ ነው።»

ተረጎምኩ። አያ ሳቃቸውን ሊይዙት ታገሉ፤ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ፤ አልሆነም። «ምስኪን» አሉ፤ «ሸሽቶ ሸሽቶ የት መጣ።»

ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ልዋሽ አሰብኩና ተውኩት። ስነግረው መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀ ነው። ቀና ሲል ግን ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። ካቡን ተደግፎ ቆመ። ላሚቱ መጥታ የኮቱን ኪስ አሸተተች። እትዬ በርጩማ አምጥተው ከጀርባው አስቀመጡለት።

ለእናቱ መደወል ፈለገ። በዚያ አገር ኔትወርክ ያለው ባዶው ክምር ያለበት ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አያን በበቅሎ አድርገን እዚያው ወጣን። ሐኪሙ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ ከፍቶ ነገራት። ከስልኩ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ቦታው ይበርድ እንደሆነ ጠየቀ።

ስነግራቸው አያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ጮክ አድርገው «ከከብት ጋር ያደረ ሰው አይበርደውም» አሉ። ተረጎምኩላት። የቀበሯቸውን ሰውዬ አመስግኑልኝ አለች። እኒያ እንኳ ከሞቱ ቆይተዋል ስላት፣ እንደዚያም ቢሆን አመስግኑልኝ አለች።

«እነግራቸዋለሁ በያት» አሉ አያ። «እኔም ሩቅ አይደለሁም።»

ሐኪሙ ወደ አገሩ ተመልሶ የአጎቱን ሁለት ጓዶች ዘመዶች ሲያፈላልግ ከረመ። የአንደኛውን አገኘ፤ የሌላውን እስከ ዛሬ አላገኘም። አጽሞቹ ይነሱ ወይስ ይቅሩ ሲባል፣ እናቱ ባሉበት ይሁኑ አለች፤ የተገኙት ዘመዶችም ተስማሙ። አያም በረቱን ወደ ቤቱ ሌላ ጎን አዛወሩት። የሦስቱን ስም በእኛ ፊደል ጽፌ በጸሎት እንዲጠሯቸው ለአጥቢያው ቄስ ሰጠሁ፤ ከልባቸው ደከሙበት፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በትክክል አልወጣላቸውም።

ያስቸገሩት ከብቶቹ ናቸው። ለብዙ ሳምንታት ከግጦሽ ሲመለሱ አዲሱን በረት አልፈው ከድሮው ካብ ጋ ይሰበሰቡ ነበር። አንድ ምሽት እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አያ ዱላ ይዘው ሊመልሷቸው ወጡ።

«ይተዋቸው፣ ትንሽ ይቁሙ» አሉ እትዬ ከውስጥ።

አያ ዱላቸውን ተመርኩዘው አጠገባቸው ቆሙ፤ ብርዱ ሲጠና ነው ከብቶቹን ነድተው ያስገቧቸው።