ከቃለ ጉባኤው የቀረችው «ው»

ደመወዝተኛ ሆኜ ኮምፒውተር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በጸሐፊነት ነው። የአስተዳደር ኃላፊው መጀመሪያ ያስተማሩኝ ትየባ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ባለ ጥልፍ ልብስ ለብሶ ስለነበር የእሱን አገላለጥ አስተማሩኝ። «ስትገልጠው ቀስ፣ ስትመልሰውም ቀስ» አሉኝ። በዚያን ቀን ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ልብሱን ግን ሃያ ጊዜ ገልጬ ሃያ ጊዜ አለበስኩ። «ብርድ ካገኘው ሳል ይይዘዋል» ብዬ ባስወራ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አምናኝ ጋቢ ደረበችለት።

ከዓመታት በኋላ ሥራውን ለቅቄ ቀየት በምትባል ከተማ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ድረ ገጽ መሥራት የለመድኩት ደብረ ብርሃን በወሰድኩት አጭር ሥልጠናና ሲዲኤምኤ በምትባል የኢንተርኔት መሰኪያ ነው። መሰኪያዋ አንድ ገጽ እስክትከፍት አንድ ማሳ ገብስ አርሞ መመለስ ይቻል ነበር። በመንዝ ደጋ ድረ ገጽ በመሥራት አንደኛ ነበርኩ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም እኔው ነበርኩ።

ዋናው ደንበኛዬ የባና ሠሪዎች ማኅበር ነው። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ዘመኑ ሁሉም ሰው የሚደራጅበት ነበር። ብቻውን መንገድ የሚሄድ ሰው ሲታይ «ይሄ በምን ተደራጅቶ ነው?» ይባል ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ገብረየስ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ማኅተም ከኪሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ድረ ገጹን ስሠራ በቀን መቶ ጊዜ ይደውሉልኝ ነበር። ማጋነን ነው ካላችሁ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በሉት። ሲሰለቻቸው ደግሞ በአካል ይመጣሉ። አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የሚያምር በግ ፊት ገጹ ላይ ለጥፌ ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ይሄ የማን በግ ነው?»

«የማንም አይደለም ጋሼ፤ ለምሳሌ ነው።»

«ላቱ የት ሄደ?»

እውነትም የፈረንጅ በግ ነበር፤ ላት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «የእኛን ባና ከዚህ ነው የሠሩት ሊባል ነው?» አሉና ጓሳ አፋፍ ድረስ ሄጄ የአገራችንን ባለ ላት በግ ፎቶ እንዳነሳ አዘዙኝ። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ከነካሜራዬ ሊወስደኝ ነበር። ፎቶውን ይዤ ስመለስ «በጉ ወደ ግራ ቢዞር አይሻልም?» አሉኝ።

የድረ ገጹን የይለፍ ቃል ያወጣሁት ያን ቀን ነው። ከስምንት ሆሄ ያነሰ አይቀበልም ነበርና በእንግሊዝኛ ፊደል ስምንቱን ሞልቼ አስገባሁ። ሲነበብ «ነዝናዛው» ይላል። ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ለኮምፒውተሩም አልነገርኩትም ነበር።

ድረ ገጹ ሠራ። ባናው አዲስ አበባም ባሕር ማዶም ደንበኛ አገኘ። ጋሽ ገብረየስ የድረ ገጹን አድራሻ በጨርቅ ላይ አሳትመው በየባናው ጥግ አሰፉት። ማኅበሩን የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚመጣው በዚያች ቁራጭ ጨርቅ ነበር።

እንዲህ ስንል ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ገብረየስ ሳይደውሉ መጡ። ሳይደውሉ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ስለነበር ደነገጥኩ።

«እሸቴ፣ ልንለይህ ነው።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ምንም። ማኅበሩ ዩኒየን ገብቷል። ዩኒየኑ ደግሞ የአባላቱን ድረ ገጽ ሁሉ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ባለሙያ ትያዘው ብሏል። ውሳኔ ነው።»

ያኔ «ውሳኔ ነው» ከተባለ ክርክር የለም። «መልካም» አልኩ። ሆዴ ግን መልካም አላለም። ያ ድረ ገጽ የመጀመሪያ ልጄ ነበር፤ ሌላ ደንበኛ ሲመጣ የማሳየው እሱን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ነበር። የአድራሻው ዘመን ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። ካልታደሰ አድራሻው ይሞታል፤ ያ ሁሉ ባና የሞተ አድራሻ ተሸክሞ ይቀራል። ማደስ የሚችለው የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ብቻ ነው። የያዝኩት እኔ። አሥር ቀን ዝም ብል እግሬ ሥር ወድቀው ይመለሳሉ የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሁለት ቀን አብሮኝ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፈታዮቹ ጠጉር እየፈተሉ በደጄ ሲያልፉ «እሸቴ፣ እንዴት አደርክ!» አሉኝ። አፈርኩና ርክክቡ ይፈጸም ብዬ ላክሁ።

ርክክብ ስል ፋይል መላክ መስሏችሁ ከሆነ ጋሽ ገብረየስን አታውቋቸውም። አምስት የኮሚቴ አባላት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የንብረት መረካከቢያ ቅጽ፣ ማኅተም። ቅጹ የንብረቱ ዓይነት፣ ብዛት፣ ሁኔታ ይላል። በላይኛው መስመር ላይ «ድረ ገጽ፣ ብዛት አንድ፣ የሚሠራ» ተብሎ ተጻፈ።

የንብረት ኃላፊዋ እትዬ አስካለ ብዕሩን ይዘው ቆሙ።

«የታለ?»

«ምኑ እትዬ?»

«ድረ ገጹ ነዋ! መጋዘን የት ላስቀምጠው?»

«መጋዘን አይገባም። ውጭ አገር ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲህ እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ተረከብኩ ብዬ አልፈርምም። የልጆች እናት ነኝ!»

ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ጋሽ ገብረየስ ፈረዱ። «መጋዘንም ቢሆን የምንረከበው ቁልፉን ነው። የዚህም ቁልፍ ካለ ቁልፉን ያስረክበን።»

«ቁልፉ የይለፍ ቃል ነው» አልኩ።

«ይነበብና ይመዝገብ።»

ላብ አጠመቀኝ። በመንዝ ብርድ ላብ ያጠመቀው ሰው ከእኔ በፊት የለም። ቃሉን አስቀድሜ ልቀይረው አስቤ ነበር። ግን መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ፣ ኔትወርክም አብሮት ሄዷል። አምስቱም አፌን ያያሉ። «ነዝናዛው» ብል ማንን እንዳልኩ በግልጽ ይታወቃል። አፌ ከእኔ ቀደመና የመጨረሻዋን ፊደል ዋጣት።

«ነዝናዛ» አልኩ።

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞሩ።

«ማንን ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ማንንም አይደለም፤ እንዲሁ ቃል ነው። ሌባ እንዳይገምተው።»

«ጥሩ ነው፤ እኔም አልገመትኩትም» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «ጸሐፊ፣ በተራ ቁጥር አራት ጻፍ።»

ጸሐፊው ቃሉን በአማርኛ፣ ሰባቱንም ሆሄ በእንግሊዝኛ ጻፈ። እትዬ አስካለ ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቃሉ ያለበትን ገጽ ሳያነቡ ቀድደው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ቅጂ እንዳልቀረኝ ፈረምኩ። ማኅተሙ አረፈ።

ስንወጣ ጋሽ ገብረየስን ጠጋ ብዬ የባለሙያዋን ስልክ ጠየቅኳቸው። በጓሮ በር ስምንተኛዋን ሆሄ ልነግራት ነበር።

«ምን ልትላት? ሁሉም እዚህ ላይ አለ» አሉና ቃለ ጉባኤውን መታ መታ አደረጉት።

ሁሉም ግን እዚያ ላይ አልነበረም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «ነገ አንድ መላ እፈጥራለሁ» ብዬ በማግስቱ ራቤል ለሚገኝ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልተክል ተሳፈርኩ። ራቤል ያኔ ኔትወርክ የሚገኘው ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ጫፍ ነበር። ነገ እወጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ እወጣለሁ ስል አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ረዳት፣ ጠና ያለ ሰውዬ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ በስሜ ተጣራ። «የባና ሰዎች ላኩኝ። ቁልፉ አልከፈተም፣ ባለህበት ደውል ብለውሃል» አለ።

ጉብታውን ወጣሁት። ደወልኩ። ጋሽ ገብረየስ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ።

«እሸቴ! የአዲስ አበባዋን ልጅ አስቀየምናት።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ደውላ የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው አለችኝ። ነዝናዛ አልኳት። ኧረ ጋሼ፣ ሁለተኛ ጊዜ መደወሌ ነው እኮ አለች። አይ፣ ነዝናዛ ነው የምልሽ ብላት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በኋላ ጸሐፊው ደውሎ አስረዳትና ሞከረችው። አልከፈተም። ደጋግማ ብትሞክር ለአንድ ቀን ተዘጋባት። ቃሉ ሰባት ሆሄ ነው፤ ከስምንት ማነስ የለበትም፣ አንድ ጎድሏል ትላለች። አድራሻው ሊያልቅ ሦስት ቀን ነው የቀረው።»

«ስልኳን ይስጡኝና እኔ ልንገራት።»

«ከቃለ ጉባኤ ውጭ ቃል አይሰጥም። ኮሚቴው እዚሁ ተሰብስቧል፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ነህ። ተናገር።»

ነፋሱ ጃኬቴን እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። ስልኬ የቀራት ባትሪ አንዲት ጭረት ናት። «ስልኩ ተቋረጠ» ማለት ይቻል ነበር። ግን በየባናው ጥግ የተሰፋችው ጨርቅ ታየችኝ።

«ጋሼ፣ መጨረሻዋ ላይ ‘ው’ አለች።»

«ው?»

«ው። በእንግሊዝኛው ደብልዩ።»

«ነዝናዛ… ው።» ደግመው አሉት። «ነዝናዛው። እኮ ነዝናዛው ማን ነው?»

ነፋሱ ነው ልል ነበር።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

  ከወዲያኛው ጫፍ የእትዬ አስካለ ሳቅ መጣ። ያ ሳቅ ያለ ስልክም ራቤል ይደርስ ነበር።

«ስንት ግምገማ ተቀምጠን አንዳችን ያልደፈርነውን ይሄ ሰውዬ ቁልፍ አድርጎት ኖሯል!»

«ሥርዓት! ስብሰባ ላይ ነን» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «ጸሐፊ፣ ጻፍ። በተራ ቁጥር አራት ነዝናዛ ተብሎ የተመዘገበው ‘ው’ ስለሚጎድለው ነዝናዛው ተብሎ እንዲታረም ተወስኗል።»

«ማንን እንደሚመለከት ይጻፍ?» አለ ጸሐፊው፤ እንዳይስቅ ሲታገል ይሰማኛል።

ጋሽ ገብረየስ መለሱ።

«ይጻፍ። ሊቀ መንበሩን። የምትቃወሙ?»

የተቃወመ የለም።

«በሙሉ ድምፅ» አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሸቴ፣ ሌላ የዋጥከው ፊደል አለ?»

«የለም ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን ስትመጣ። አሁን ውረድ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ባለሙያዋ በማግስቱ ድረ ገጹ ውስጥ ገባች፤ አድራሻውንም አሳደሰች። ቀጥላ የይለፍ ቃሉን ቀየረችው። ጋሽ ገብረየስ «ሳታስፈቅደኝ ከቦታዬ አነሳችኝ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ከረሙ።

ቀየት ስመለስ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስጨረሱኝም። የታረመውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ከነማኅተሙ ሰጡኝና «ፈርምበት፣ ‘ው’ን ማስረከብህን» አሉኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬን መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ትንሽ ወደ ግራ ብታደርገው ይሻል ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደንበኛ ሸኝቻለሁ። የይለፍ ቃል የማወጣው ኮሚቴ ፊት ቆሜ እንደማነበው አድርጌ ነው። ሳስረክብም ተረካቢው ራሱ ከፍቶ እስኪገባ ከአጠገቡ አልነሳም። አንድ ፊደል የቀረበት ርክክብ ርክክብ አይደለም።